የኮሪያ ሐዘንተኛ

ኃይለገብርኤል ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬ ጠዋት ግን ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ከእናቱ ጋር ተጣላ። ጠቡ በሹክሹክታ ነው፤ በዚያ ቤት ጮኾ መጣላት ከቀረ ቆይቷል። ወይዘሮ ምንዳዬ ስኒውን ከእህል ጎታው ጀርባ ተቀብለው ሲመለሱ፣ «ነፍሱን ይማረውና፣ ወንድምሽ እንዲህ አመለኛ አልነበረም» አሏት ለልጃቸው ለሸዋአየሁ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሴትዮዋ የምራቸውን ነው። ከጎታው ወዲያ ያለው ይህን ሲሰማ ሳሉ ተነሣበትና አፉን በጨርቅ ይዞ አፈነው። ክረምት ላይ የያዘችው ሳል ናት፤ አልለቅ ብላዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያች በክፉዋ የካቲት፣ ጣሊያን ከተማውን በእሳትና በአካፋ ሲፈጅ፣ ፈረንጅ ተማሪ ቤት የገባ ወጣት ሁሉ እየተለቀመ ነበርና ኃይለገብርኤልም ከለገሃር ወዲህ ወድቆ ታየ ተባለ። ወይዘሮ ምንዳዬ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ከል ለብሰው መሬት ቁጭ አሉ። የቂርቆስ ሰፈር አብሯቸው አለቀሰ። ሰው እንባውን ሳይጠርግ፣ ሟቹ ሲመሻሽ በጓሮ በኩል እየተንፏቀቀ ገባ። እንግዲህ እናት ምን ታድርግ? «ልጄ ተገኘልኝ» ብላ እልል ትበል? እልልታ የሚሰማው ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ካራቢኜሪ የሚሉት የጣሊያን ፖሊስም ጆሮ አለው። ስለዚህ ለቅሶው ቀጠለ። ፍትሐቱ ተፈታ፣ አርባው ወጣ፣ ሙት ዓመቱ ተደገሰ፤ እሱም ከጎታው ጀርባ ሆኖ ከራሱ ተዝካር በላ። የንስሐ አባታቸው እንኳ አያውቁም። እናቲቱ መጀመሪያ የሚያለቅሱት ለሰው ዓይን ነበር። ውሎ ሲያድር ግን እንባው እውነተኛ ሆነ፤ የሚያለቅሱለትም ያ ሱፉን ለብሶ፣ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ የሚወጣው ልጅ እንጂ ይኼ ከጓዳ የሚስለው የገረጣ ሰው አልመስል አላቸው። ፊቱን ማየት ተዉ። ምግቡን በጎታው ጎን ያሳልፉለታል፣ እሱም ይቀበላል።

ሸዋአየሁን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። ወንድሟ ሊወጣ ነው። ከገና ወዲህ «በቃኝ» ማለት አብዝቷል። አንድ ቀን ማለዳ ለሥራ ስትነሣ በሩ ሥር ቆሞ፣ እጁን መቀርቀሪያው ላይ አሳርፎ አገኘችው። ቢወጣ የት ይደርሳል? የተለቀሰለት ሰው መንገድ ላይ ሲሄድ አይቶ ዝም የሚል ሰፈር የለም፤ እሱ ይሰቀላል፣ የሸሸጉትም ይከተሉታል። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ እግሩ ላይ ወደቀች። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቃት፤ መጽሐፍ። ያውም ስለ ኮሪያ።

«ኮሪያ ደግሞ ምንድነው?»

«ጃፓን የያዘው አገር ነው» አላት። ተማሪ ቤት ሳሉ ወሬው ሁሉ ጃፓን ነበር፤ ጃፓን እንዴት ሠለጠነ፣ እኛስ እንዴት እንድረስበት የሚል። መምህራቸው ከሚያስነብቧቸው የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኮሪያ የሚናገር ምዕራፍ ነበረበት፤ ከመካከላቸው ያነበበው አልነበረም። «የገዢውን አንብበን የተገዢውን ዘለልነው። ይኸው ዛሬ የዘለልነው ምዕራፍ ውስጥ ገብተን ቁጭ ብለናል። እነዚያ ሰዎች በባዕድ እጅ ከወደቁ ሠላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ቋንቋቸውን ይናገራሉ? ሙታቸውን በአባቶቻቸው ወግ ይቀብራሉ? ወይስ አልቀዋል? አላለቁ ከሆነ እኔም እዚችው እቀመጣለሁ። ካለቁ ግን ምኑን ልጠብቅ፣ ሸዋዬ?»

ለዚህ የሚሆን መልስ ከየት ታምጣ? በሰው ቤት ልብስ የምታጥብ ሴት ናት። ቢሆንም የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ፍለጋ ጀመረች። ባለፈው ሳምንት ከምትሠራበት ቤት፣ ከሚጣል ነገር መካከል አንድ የጣሊያን መጽሔት አግኝታ በመቀነቷ ውስጥ ይዛ ገባች። እውነትም ስለ ኮሪያ ነበረበት፦ ድልድይ፣ ባቡር ጣቢያ፣ ደረቱን በኒሻን የሞላ ሹም፣ ተሰልፈው ባንዲራ የሚያውለበልቡ ሕፃናት። አገላብጦ ጣለው። «ይኼ የበሬው ባለቤት ስለ በሬው ያወራው ነው። ስለ እኛም ይኼው ነው የሚጻፈው፤ መንገድ ሠራንላቸው፣ ደስ ብሏቸዋል እየተባለ። በሬውን የጠየቀ የለም።» ከዚያ፣ እሷ ፈረንጅኛ ስለማታነብ፣ ደህናውን መጽሐፍ የምትለይበትን ነገራት። ሥዕሉን እዪ፤ ድልድይና ሹም ከሆነ እዚያው ተዪው። ሰው ሲበላ፣ ሲዳር፣ ሲያለቅስ ካየሽ ግን የጻፈው ሰው ቤታቸው ገብቶ ተቀምጧል ማለት ነውና አምጪው። ያን ምዕራፍ ስንዘለው ሥዕሉን አይቻለሁ፤ ሰዎቹ እንደኛው ነጭ ይለብሳሉ፤ ወንዶቹ ቆብ የመሰለ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ አላቸው።

እናም ዛሬ ጠዋት፣ ከሻዩ ጠብ በኋላ፣ ከሏን አጣፍታ ወጣች። መጀመሪያ ወደ ሥራዋ ነው። ካዛንቺስ ያን ጊዜ ገና ኖራ ኖራ የምትሸት አዲስ ሰፈር ናት፤ ጣሊያኖቹ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሯቸው ቤቶች መልካቸው አንድ ዓይነት ሆኖ በተርታ ቆመዋል፣ አንዱን ከሌላው የምትለየው በመጋረጃው ነው። የሷ ሲኞራ ቤት አረንጓዴ መጋረጃ አለው። ሲኞራዋ ክፉ አይደለችም፤ ደግም አይደለችም። ሸዋአየሁ ከል ለብሳ ይህን ያህል ወር ስትገባ ስትወጣ፣ «ለምንድነው ጥቁር የምትለብሺው?» ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻትም። ያገሯ ባልቴቶችም ጥቁር ለባሽ ናቸው አሉ። ዛሬ የአንሶላ ቀን ነበር። አጠበች፣ ጨመቀች፣ አሰጣች፤ እጇ ከአመዱ ውሃ ተሰነጣጥቆ ደም ሲያወጣ አንሶላው እንዳይነካ በቀሚሷ ጠረገችው። ሲኞራዋ ስኳር ተወደደ፣ ከሰል ተወደደ፣ ይኼ ኢምፔሮ የሚሉት ግዛት መቼም አይጠረቃም እያለች ለራሷ ታጉረመርማለች። እኩለ ቀን ላይ ለቀቀቻት።

ለገሃር፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ ኑሪ የሚባል የስልጤ ነጋዴ አለ። ጨው፣ ስኳር፣ ሻማ፣ ሲጃራ ይሸጣል፤ ሁሉንም የሚጠቀልለው በመጽሐፍ ገጽ ነው። በዚያች የካቲት የተዘረፈው የተማሪ ቤት ሁሉ መጽሐፍ በሸክም እየተመዘነ ለሱቅ ተሸጧል። የማን እንደነበረ ኑሪ አይጠይቅም፣ ገዢም አይጠይቅም፤ አንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ የባለቤቱ ስም በቀለም ተጽፎ ይገኛል፣ ስሙም ከጨው ጋር ተጠቅልሎ ይሄዳል። ሸዋአየሁ ሌላ የምትፈልግበት ቦታ የላትም። «ኑሪ፣ እስቲ ሥዕል ያለበት ልምረጥ» አለችው። ኑሪ እጁ ስኳር እየሰፈረ በአገጩ ወደ ክምሩ አሳያት።

ተንበርክካ አገላበጠች። የሕክምና መጽሐፍ፣ የዕፅዋት መጽሐፍ፣ ድልድይ፣ ሹም፣ እንደገና ድልድይ። ከታች አንድ ሽፋኑና የመጀመሪያ ገጾቹ ተቀደው ያለቁ አሮጌ መጽሐፍ ወጣ። ነጭ የለበሱ ሰዎች መሬት ተቀምጠው ከትናንሽ ሳህኖች ይበላሉ። ቀጥሎ ሙሽራ። ቀጥሎ ደግሞ ሰፌድ የሚያህል ባርኔጣ እስከ ትከሻው የደፋ፣ ከባርኔጣው ሥር ፊቱን በጨርቅ የጋረደ፣ በትር ይዞ ብቻውን የሚሄድ ሰው። ሰው ይበላል፣ ሰው ይዳራል፤ ይኼኛውም የሚያለቅስ መሆን አለበት! ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ መጽሐፉን አንሥታ፣ «ይኼን ስጠኝ» አለች።

«ምን ያደርግልሻል?» አለ ከኋላዋ ሌላ ድምፅ።

ነጋሲ ነው። ነጋሲ የሰፈራቸው ልጅ ነበር፤ ዛሬ ለካራቢኜሪ ወሬ እያቀበለ በደመወዝ የሚኖር፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ሆኗል። ሲጃራ ሊገዛ ነው የመጣው። ሸዋአየሁ አፏ እንደመጣለት፣ «ለግድግዳ ነው» አለች። ውሸቷ መጥፎ አልነበረም፤ ጭቃ ግድግዳውን በጋዜጣና በሥዕል የማይለጥፍ የለም። ኑሪም ለዚሁ ስንቱን ሸጧል። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነጋሲ ሲጃራውን ለኮሰና ከሏን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ሐዘንተኛ ቤት ግድግዳ ያምራል እንዴ? እኔ አላውቅም ነበር።»

እውነቱን ነው። ከል ያልወለቀበት ቤት እንኳን ሥዕል ሊለጠፍ፣ ኖራም አይቀባም። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ እሷም ታውቃለች። ቤት ውስጥ ሙት የሌለ መሆኑን የምታውቅ ሴት ብቻ ናት ይህን የምትረሳው። «ልናወልቅ ነዋ» አለችው። «እማዬ በቃኝ ብላለች። ዛሬ ነው የምታወልቀው።»

«ዛሬ!» አለ ነጋሲ፤ ደስ ያለው መሰለ። «ታዲያ ሰፈር ሳይሰማ? በይ እኔው አሰማልሻለሁ። ሲመሻሽ መጥቼ እትዬ ምንዳዬን እንኳን አወለቁ እላቸዋለሁ፣ ግድግዳውንም አያለሁ።» ኑሪ ቀና ብሎ አላየም። የመጽሐፉን ዋጋ ግን ግማሹን ብቻ ተቀበላት።

ቤት ስትገባ ወይዘሮ ምንዳዬ ምስር ይለቅማሉ። ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ምስሩን አስቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው፣ ሳጥኑን ከፍተው፣ ከሁለት ዓመት በፊት አጣጥፈው ያኖሩትን ነጭ ቀሚስ አወጡ። ከላቸውን ሲያወልቁ ራቁታቸውን የቀሩ ያህል አፈሩ። «እግዜር ይይላችሁ» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም። ሸዋአየሁም የራሷን ከል አውልቃ፣ ዱቄት በጥብጣ ኮላ ሠራች። ነጋሲ ሲመጣ ግድግዳው መለጠፍ አለበት፤ መጽሐፉን አምጥታ ለወንድሟ የሰጠችው ደግሞ ገና አሁን ነው። እናም እንዲህ ሆነ፦ ኃይለገብርኤል ከጎታው አጠገብ ቁጭ ብሎ እየተጣደፈ ያነባል፣ ያነበበውን ገጽ ይቀድዳል፣ እሷ ኮላ ትቀባለች፣ እናቲቱ ይለጥፋሉ። አንዱ ፊት ለሰው ሲታይ ሌላው ፊት ለዘላለም ከጭቃው ጋር ይጣበቃል። ሁለት ዓመት የተራበው ንባብ እንዲህ እየተነጠቀ ሲሄድ ማየት ያሳዝን ነበር። ግን ፊቱ ላይ ደም ተመልሷል።

«ወለላቸውን ከሥር እሳት እየለቀቁ ያሞቁታል፣ ሸዋዬ!» ይላል። «አባት ሲሞት ልጁ ዓመታት ያዝናል፤ በዓመቱ በዓመቱ ለሙታን ምግብ ይቀርባል። እማዬ፣ ሰማሽ? እነሱም ተዝካር አላቸው።» ወይዘሮ ምንዳዬ «እህ» አሉ። ከጠብ በቀር ሲመልሱለት ከብዙ ጊዜ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ቆየት ብሎ ግን ድምፁ ወደቀ። መጽሐፉ አሮጌ ነው፤ የተጻፈው ጃፓን ኮሪያን ከመያዙ በፊት ነው። ሰዎቹ እንዴት ይኖሩ እንደነበር ይናገራል እንጂ ዛሬ ይኑሩ ይጥፉ አይናገርም። የጠየቀው ጥያቄ እዚያው ቀረ።

የሰፌድ ባርኔጣው ሥዕል ላይ ሲደርስ ግን ገጹን አልቀደደም። ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገራቸው። ሰውዬው ሐዘንተኛ ነው። በዚያ አገር ሐዘንተኛ ሰማይ ለማየት የማይገባው ኃጢአተኛ ነኝ ብሎ ፊቱን ይሸፍናል፤ መንገድ ላይ ማንም አያስቆመውም፣ ማንም ስሙን አይጠይቀውም፣ እሱን ማናገርም ነውር ነው። የፈረንሳይ ቄሶች በሞት በሚፈለጉበት ዘመን ይህንኑ ልብስ ለብሰው አገሩን ከዳር እስከ ዳር ዞረውበታል፤ ወታደር እንኳ ገለል እያለ ያሳልፋቸው ነበር።

ይህን ብሎ ሳጥኑ ላይ ወደ ወደቀው የእናቱ ከል አየ።

ሸዋአየሁ ገባትና፣ «አይሆንም» አለች። እሱ ግን ቆሟል። ነጋሲ ግድግዳ ለማየት አይመጣም አላት፤ ይቀመጣል፣ ይጠጣል፣ ያመሻል፤ ይቺ ሳል ደግሞ ያን ያህል ሰዓት አትታፈንም። ላንቻ አክስታቸው ጽጌሬዳ ዘንድ ከደረሰ በማግስቱ ወደ ገጠር ይወጣል። አክስቱ ዘንድ ለመድረስ የሚያስፈልገው አንድ የተሸፈነ ፊት ነው። እሷ አብሬህ ልሂድ አለች፤ ሐዘን አውልቀናል ባልሽበት ቀን ከቤት መጥፋትሽ ራሱ ያስጠረጥራል አላት፣ እውነቱንም ነበር። አንድ ነገር ልክ አልመጣ ብሏታል፤ ምን እንደሆነ ግን ልትጨብጠው አልቻለችም። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፣ ግድግዳው ገና ግማሽ ነው፣ ኮላው እየደረቀ ነው።

ልጃቸውን ያለበሱት ወይዘሮ ምንዳዬ ናቸው። ጥቁሩን ቀሚስ አጠለቁለት፤ ከሥቶ ነበርና ልክ ሆነው። ሻሹን እንደ ሕፃን አጎንብሶላቸው አሰሩለት። ነጠላውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ትከሻው አድርገው ፊቱን ሲሸፍኑለት እጃቸው ጉንጩ ላይ ቀረ። በዓይናቸው ሙሉ አዩት። «ልጄ» አሉ። «ልጄ፣ አልሞትክም እኮ።» እሱም ሁለቱን እጃቸውን ሳመና በጓሮ በኩል ወጣ። ሸዋአየሁ በአጥሩ ቀዳዳ አየችው፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ እያለ፣ ከእናቷ አረማመድ ምንም ሳይለይ መታጠፊያውን አለፈ። አንድ የጣሊያን ወታደር ባጠገቡ ሄደ፣ ዞር ብሎም አላየው። ተመስገን አለች።

ነጋሲ ሲመጣ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ኩራዙን አንሥቶ ግድግዳውን አየና «ውይ፣ ቤቱ በራ!» አለ። በልተኞቹን አየ፣ ሙሽራዋን አየ። ጓዳ ድረስም ገባ ብሎ ጎታውን መታ መታ አደረገ፤ እንደ ቀልድ። ምንም አልነበረም። ተቀመጠ፣ ጠላ ቀዱለት። «ቆየሁባችሁ አይደል?» አለ፤ «ላንቻ አንድ ጉድ አይቼ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ፤ እኛ ግን በጥር ሰማን።»

ሸዋአየሁ ጋኑ አጠገብ ቆማ ነበር። ወይዘሮ ምንዳዬ ነጭ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«አንዲት ከል የለበሰች ሴት ብቻዋን ወደ ታች ትወርዳለች። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አገኟት። መቼም ወግ ነው፣ ያውም እንዲያ ተሸፋፍና ብቻዋን ስትሄድ! አቅፈዋት፣ ‹እኅቴ፣ እግዜር ያጽናሽ፣ ማን ሞተብሽ?› ይሏታል። ዝም። ሌሎችም ተጨመሩ፤ ደረታቸውን እየመቱ አብረዋት ሊያለቅሱ ይከቧታል። ዝም! አንገቷን ነቅንቃ ልታልፍ ትላለች። አንዷ አሮጊት ተናደደች፤ ‹እግዜር ያጽናሽ ሲሏት አሜን የማትል ምን ዓይነት ሐዘንተኛ ናት፣ ቡዳ እንዳትሆን› ብላ ነጠላውን ገፈፈችው። ወንድ!» ነጋሲ ሳቀ። «ጩኸቱ ቀለጠ። የላንቻን ድልድይ የሚጠብቁት ወታደሮች መጡ፣ ሮጠ፤ ሁለቴ ተኮሱበት። በከሉ ጠቅልለው መንገድ ዳር አስቀምጠውታል። እኔ ስደርስ ፊቱ ተመትቶ የሚለይ አልነበረም። ያወቀ ካለ ነገ ይምጣና ይውሰድ ተብሏል፤ ማን ጅል ይመጣል?»

ኃይለገብርኤል የፈራው ወታደሩን ነበር። ወታደሩማ አሳለፈው። ሸዋአየሁ ያን ከሰዓት በኋላ ልትጨብጠው ያልቻለችው ነገር አሁን መጣላት፤ ማንም ሊያውቀው የሚችል ነገር፣ ኑሪም፣ ሕፃንም። በእኛ አገር ሐዘንተኛን የማያስቆም የለም። መጽሐፉ ደህና መጽሐፍ ነበር፣ የጻፈው ሰው እውነትም ቤታቸው ገብቶ ነበር፤ ግን የእነሱ ቤት ነው። ጋኑን ይዛ ቆመች። ልትጮህ አፏ ተከፈተ፣ እናቷን አየችና ዘጋችው።

ወይዘሮ ምንዳዬ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ነጋሲ ላይ ነው፤ ነጭ ቀሚሳቸው በኩራዙ ብርሃን ያበራል። አንድ እጃቸው ሌላውን እጃቸውን ጨብጦ ይዞታል፣ ጣታቸው ነጭ እስኪሆን። ከውጭ የጎረቤት ሴቶች ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ነጋሲ እንዳለው ወሬውን አሰምቶላቸዋል፣ እንኳን አወለቅሽ ሊሉ እየመጡ ነው። አሁን በዚህ ቤት አንድ ሰው ቢያለቅስ ለቅሶው ለማን ነው ይባላል? የኃይለገብርኤል ለቅሶ ተለቅሶ አልቋል።

«ምነው ዝም አሉ፣ እትዬ ምንዳዬ?» አለ ነጋሲ። «ለዚያ ለማይታወቅ ሰው አዘኑ እንዴ? ይተዉት። ዛሬ የደስታዎ ቀን ነው።» ዋንጫውን ከፍ አደረገ፤ ሴቶቹም በሩ ላይ ደርሰው እሱን ተከትለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «እግዜር ከእንግዲህ ሐዘን አያሳይዎ» አለ።

ሁሉም ጠበቁ።

«አሜን» አሉ ወይዘሮ ምንዳዬ።